ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ የእህትዎ ልጅ ስለ መሆኔ

ለክቡር አቶ ይሻው፣
የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣ የምንኖርበት ቤት አከራይ፣ እንዲሁም ከጥቅምት ወዲህ ሳልጠየቅ አጎቴ ለሆኑት፤
ደብረ ታቦር

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ጤናና ሰላም እመኛለሁ። የደጋው ብርድ በዚህ ሰሞን የበረታ ስለሆነ፣ በባለቤትዎ የውርስ ቤት ውስጥ፣ ማለትም በእውነት በሚኖሩበት ቤት፣ ሙቀት እንዳይለይዎ እጸልያለሁ። በወረቀት ስለሚኖሩበት ቤት፣ ማለትም እኔና እናቴ ስለምናድርበት፣ ብዙም አይጨነቁ፤ ጣሪያው ማፍሰሱን አልተወም እንጂ ቤቱስ ደህና ነው።

ጉዳዬን በአደባባይ ማቅረቤን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ። እኔ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የምሠራ ሴት ነኝ፤ በሙያዬ ደግሞ ያለ መደርደሪያው የገባ መጽሐፍ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። በእርስዎ የዘር ሐረግ ውስጥ ያለ ቦታዬ ስለ ገባሁ፣ ወደ ቦታዬ ለመመለስ ያህል ነው የምጽፈው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። ክቡርነትዎ ይህን ቤት የገዙት ባንክዎ በሚሰጠው የመኖሪያ ቤት ብድር ነው። ብድሩ ወለዱ የቀለለው ተበዳሪው ራሱ ሊኖርበት ቃል ስለሚገባ ነው፤ ያለ ባንኩ ፈቃድ ማከራየት ውል ማፍረስ ነው። እርስዎ ግን ለእኔ አከራዩኝ። ይህ ክልከላ መኖሩን ያወቅሁት ገብቼ ከተቀመጥሁ በኋላ ሲሆን፣ ያስረዱኝም እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ያውም ከዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪዎች እየመጡ ነው በተባለ ማለዳ። ስለ ግልጽነትዎ እያመሰገንሁ ወደ ቅሬታዎቼ አልፋለሁ።

አንደኛ፣ ዘመድነታችን የተፈጸመበት መንገድ። ተቆጣጣሪዎቹ በሩ ላይ እንደ ደረሱ፣ እርስዎ መንደሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ “የእህቴ ልጅ ናት፤ እህቴም ለዓይኗ ሕክምና መጥታ ሁላችንም እዚሁ አብረን ነን” አሉ፤ አፌን ሳልከፍትም ወደ መኪናቸው ሸኟቸው። እናቴ ወይዘሮ ወርቅነሽ ከይፋግ የመጣችው የዓይን ሞራዋን ልትገፈፍ እንጂ ወንድም ልታገኝ አልነበረም። የሰማችውን ካሰላሰለች በኋላ “ቤት መከራየትሽን ነግረሽኝ ነበር፤ ወንድም እንደ ተከራየሽልኝ ግን ምነው ደበቅሽኝ?” አለችኝ።

ሁለተኛ፣ መርዶው። ወላጅ እናትዎ በማረፋቸው ከልብ አዝኛለሁ፤ ነፍሳቸውን ይማርልን፤ በዚህ ላይ ምጸት የለኝም። እርስዎ ለቀብር ወደ አገርዎ ወርደው ሳለ ግን የመንደሩ ሰዎች አንድ ነገር አሰቡ፤ እህትየዋ እዚህ ተቀምጣ መርዶውን ያልተረዳችው ወንድሟ ለዓይኗ ብሎ ደብቋት ነው አሉ። ስለዚህ እንደ ወጉ ጎሕ ሲቀድ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በጎረቤታችን በወይዘሮ ጌጤ መሪነት እናቴን ሊያረዱ መጡ። እናቴ ያን ጊዜ አንድ ዓይኗ ተሠርቶ በፋሻ ተሸፍኗል፤ ሐኪሙም እንዳታለቅስ አጥብቆ አዟታል። እነርሱ ራሷን እንዳትጥል ግራና ቀኝ እጇን ይዘው “እናትሽ አርፈዋል፤ አልቅሽ፣ ይውጣልሽ” ሲሏት፣ “እናቴማ በደርግ ጊዜ ነው ያረፈች፤ ይፋግ ነው የተቀበረች” አለች። ወይዘሮ ጌጤም ወደ ሌሎቹ ዞር ብለው “ሐዘኑ አዞራት” አሉ። እኔ እውነቱን ለመናገር በሞከርሁ ቁጥር ደግሞ “አንቺም ልጄ፣ አይዞሽ” እያሉ ውኃ አጠጡኝ።

እድሩ ድንኳን ተከለ። ንፍሮ መጣ። የማናውቃቸውን ሴት ፎቶ እንኳ ሳናይ እስከ ሣልስት ለቅሶ ተቀመጥን። እናቴ አንድ ጠብታ እንባ ባለማፍሰሷም “አንጀተ ደረቅ” የሚል ስም ወጣላት፤ ገበያ ወርጄ ስመለስ “የዚያች እናቷን ያላለቀሰች ሴት ልጅ” እየተባለ ሲወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እናቴ ግን የሟቿን የክርስትና ስም ጠይቃ እስከ ዛሬ በጸሎቷ ታስባቸዋለች። ይህን እንድታደርግ ያዘዛት የለም። እርስዎ ከቀብር ሲመለሱ የተናገሩን የመጀመሪያ ቃል ግን “እንዴት አንድ እንባ ይጠፋል? ሰው ምን ይላል?” የሚል ነበር። ስለ ማጽናኛው እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፣ አጭር ነው። በገበያው ጨርቅ የሚሸጡት ወይዘሮ ዘይነብ በዚያው ዓይነት ብድር የሠሯት ቤት አላቸው። አባታቸውን ለማስታመም ሐሙሲት መክረም ስለ ነበረባቸው፣ እስኪመለሱ ቤቱን ለማከራየት እንደ ደንቡ ፈቃድ ጠየቁ። እርስዎም በደንበኞች ፊት “እናቴ፣ ቤት የተበደሩት ሊኖሩበት እንጂ ሊነግዱበት አይደለም” ብለው መለሷቸው። ቃሉ ትክክል ነው፤ አንድም ፊደል አልቀንስበትም። ያንገሸገሸኝ፣ ይህን የተናገረው አፍ በዚያው ሳምንት የእኔን ኪራይ ሊጠይቅ በሬ ላይ መቆሙ ነው። ፈቃድ የጠየቀችው ተከልክላ ያልጠየቀው የሚያከራይበት ደንብ በየትኛው መጽሐፍ እንደ ተጻፈ ቢጠቁሙኝ፣ ለቤተ መጻሕፍታችን አንድ ቅጂ እንዲገዛ አመለክታለሁ።

አራተኛውና ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የእሑዱ ትእዛዝዎ ነው። ያላለቀሰችው እህት ወሬ እስከ ዋናው መሥሪያ ቤት በመድረሱ ተቆጣጣሪዎቹ ሐሙስ ይመለሳሉ። ስለዚህ እናቴ በፊታቸው “ወንድሜ” ብላ እንድትጠራዎ፣ ስለ ሟቿ ሲነሣም ዓይኗን እንድትጠራርግ አዘዙ፤ አለበለዚያ ከነጓዛችን እንድንወጣ። ክቡር ሆይ፣ የሁለተኛው ዓይኗ ቀጠሮ በመጪው ወር ነው። እስከዚያ ከጭስና ከአቧራ ተጠብቃ ለሐኪሙ ቅርብ መሆን አለባት፤ ይህን ጠንቅቀው እያወቁ ነው በዓይኗ የተደራደሩት። ብዙ ክፉ ነገር በመጻሕፍት አንብቤያለሁ። ከታመመ ዓይን የሐሰት እንባ የሚጠይቅ ሰው ግን ከእርስዎ በቀር አላጋጠመኝም።

ትእዛዝዎን ለእናቴ ሳደርስ “ልጄ፣ ዓይኔ ቢጠፋ በመሪ እሄዳለሁ፤ በሐሰት ከመሰከርሁ ወዲያ ግን ማን ይመራኛል?” አለች፤ ከዚያም ልብሷን ማጠፍ ጀመረች። እኔ የምጨምረው የለኝም። ረቡዕ እንወጣለን። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ካላት አንድ ክፍል ግማሹን ለቅቃልናለች። ይጠባል፤ እናቴ ግን እዚያ የማንም እህት እንድትሆን አትጠየቅም።

ስላደረጉልን ሁሉ፣ በተለይም ሳንጠይቅ ስለ ሰጡንና አሁን በደስታ ስለምንመልስልዎ ዝምድና፣ ጥልቅ ምስጋናችንን እያቀረብሁ፣ የጀመሩት ብድር በሰላም ተከፍሎ እንዲያልቅና አንድ ቀን በገዙት ቤት ውስጥ ለመኖር እንዲበቁ ከልብ እመኛለሁ።

ከማይጓደል አክብሮት ጋር፣
የማንም የእህት ልጅ ያልሆነችው፣
ገነት ሙላቴ

ግልባጭ፦
ለባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት የቁጥጥር ክፍል፤
ለመንደሩ እድር (የእናቴ ስም ይታረም ዘንድ)

ማሳሰቢያ፦ የቤቱን ቁልፍ ለእርስዎ ላስረክብ ብዬ ነበር፤ ግን በብድር ውሉ መሠረት እርስዎ በቤቱ የሚኖሩ ስለሆኑ ቁልፍ እንደማይቸግርዎ አሰብሁ። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ለተቆጣጣሪዎቹ እሰጣቸዋለሁ፤ ውስጥ ገብተው፣ ክቡርነትዎ ከሥራ ወደ ቤትዎ እስኪመለሱ ድረስ እንዲጠብቁዎ።