ወንድሜ ያናጋው ቅስት

ሰኞ፣ ኅዳር 15

አይፈርስም አልኩት። ሦስት ጊዜ። ታናሽ ወንድሜ ይበልጣል ከጎንደር በመጣ ቁጥር አንድ ሐሳብ ይዞ ይመጣል፤ ዛሬ ደግሞ መዶሻና ሠራተኛ ጨምሮ መጣ። አባታችን የተዉልን ቡና ቤት ጠቧል፣ ጨልሟል ይላል። አዳራሹን ለሁለት የሚከፍለው የድንጋይ ቅስት ይውጣ፣ ግድግዳው ሴራሚክ ይልበስ! ጣልያን የሠራው ቤት እኮ ነው። ወደ ሊማሊሞ የሚወርደው የጭነት መኪና ሁሉ እያንቀጠቀጠው እስከ ዛሬ ቆሟል። «ፎቁን የተሸከመው ቅስቱ ነው» ስለው «እታለም፣ አንቺ ኢንጂነር ነሽ?» አለኝ። እሱስ? የሞባይል ነጋዴ!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ሽንኩርት ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ከቅስቱ እግር ሦስት ድንጋይ ወጥቷል። ጮህኩ። ደንበኞቼ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ወደ ደጅ ወጡ። ፎቅ ብወጣ የመኝታ ቤቴ በር አልዘጋ አለ። ከበሩ በላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ! ለይበልጣል አሳየሁት።

«ድሮም ነበረ» አለ።

አልነበረም። የምተኛበት እኔ ነኝ!

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

በጠዋት ሚኒባስ ዳባት ወረድኩ። በአባቴ ጊዜ ቤቱን የጠገኑት ግንበኛ አያ ፈረደ እዚያ ናቸው። ገብስ ሲወቁ አገኘኋቸው። ጆሯቸው ከብዷል።

«አያ ፈረደ፣ ቅስቱ!»

«ቄሱ? ቄሱ ምን ሆኑ?»

አውድማው ሁሉ ሳቀብኝ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። በመጨረሻ ሲገባቸው መንሹን ጣሉና «ማነው የነካው?» አሉ። ወንድሜ ነው ለማለት አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

አያ ፈረደ ገቡ፣ ዞረው አዩ፣ መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ። «ሰው ሁሉ ይውጣ።» ከዚያ ቅስቱ ሥር የባሕር ዛፍ ምሰሶ ማስደገፍ ጀመሩ።

ይበልጣል «አባባ፣ ሲሚንቶ እኮ አለ» ቢላቸው «እስከ ዛሬ ሲሚንቶ ነው ያቆመው?» አሉት።

ተናዶ የእህቴን አልጋ ላውርድ ብሎ ፎቅ ወጣ። ወለሉ ከእግሩ ሥር ሲጥጥ ብሎ ሰጠም አለ። ያለ አልጋ ወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል። ከዚያ በኋላ ምሰሶ ሲሸከም ዋለ።

አርብ፣ ኅዳር 19

ዛሬ ገብርኤል ነው፤ «ድንጋይ አልነካም» አሉ አያ ፈረደ። ነገስ? ሰንበት። እሑድስ? «ኅዳር ጽዮንን ልሽራት እንዴ ልጄ?» ቤቱ በምሰሶ ቆሟል፣ እኔ ጎረቤት አድራለሁ፣ ቡና ቤቱ ተዘግቷል፣ እሳቸው በዓል ይቆጥራሉ!

ይበልጣል ላይ ልጮህ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። «አንቺ ትኖሪበታለሽ» አለኝ ቀና ሳይል፤ «እኔ ስመጣ እንግዳ ነኝ። የእኔም እጅ ያረፈበት ነገር እንዲኖር ብዬ ነው።»

ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ጠፋኝ። ይህም አናደደኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ድንጋዮቹ ተመለሱ። ኖራውን ከአሸዋ ጋር ያቦካው ይበልጣል ነው። አያ ፈረደ አራት ጊዜ «ቀጥኗል» እያሉ አስደገሙት፤ አራት ጊዜ ዝም ብሎ ደገመ። የእኔ ወንድም!

ከሰዓት በኋላ እኛን ከደጅ አቁመው ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ አንኳኩተው አወጡ። ልክ በመጨረሻዎቹ ላይ አንድ ተሳቢ እያጓራ አለፈ። ከላይ አቧራ ረገፈ። ይበልጣል ክንዴን ያዘኝ። ቅስቱ ቆመ።

አንዷን ምሰሶ ግን አላወጧትም። «ኖራው ይጽና፤ እስከ ጥምቀት እንዳትነኳት።» ቅስቱ ይጸና እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አልሰሙኝም፣ ወይም እንዳልሰሙ ሆኑ።

ይበልጣል ነገ ጎንደር መሄዱን ትቶታል። «ትንሽ ይድረቅና አይቼው ልሂድ» አለ። እንደገና ሊያናድደኝ ነው። ይቆይ።