የተጋጨ መኪና አልፌ አልሄድም

ኅዳር 3፣ ከቀ. 10 ሰዓት

ፍሬኑ አሁን ልክ ሆነ። ሰብለ ፔዳሉ ሥር የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አስገባችበት። ፍሬን እግርን መታገል አለበት። ልል ፍሬን አልወድም።

ብዙ ዙር ነዳሁ። ግንብ የነካሁት አንዴ ብቻ፤ የዓሣ ገበያው ኩርባ ላይ። ቸኩዬ ነው።

ያለፈው ደብተር ስለ ሞላ አንተ አዲሱ ደብተር ምንም አታውቅም። ልንገርህ፤ ሁለተኛ አልደግመውም። የጭነት መኪና ሹፌር ነበርኩ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሰብለ የልጅ ልጄ ናት። መሐል ሜዳ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር ትጠግናለች። ከሱቋ ጓዳ ሁለት ስክሪን፣ ሁለት መሪ፣ ከነፔዳላቸው ተክላለች። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በኢንተርኔት እንወዳደራለን። የአዋሳው አዋሳ፣ የአዳማው አዳማ ተቀምጦ ይነዳል፤ መኪኖቹ ስክሪኑ ላይ ይገናኛሉ። እኔና ሰብለ አንድ ቡድን ነን። ስማችን መንዝ። በሁለተኛው ምድብ ሦስተኛ ነን። ሁለት ውድድር ቀርቷል። በሦስተኝነት ከጨረስን ወደ አንደኛው ምድብ እንወጣለን።

የቀሩት ሁለቱም በዚሁ ጎዳና ናቸው። ባሕር ዳርቻ ያለ የፈረንጅ ከተማ። በሕንፃ መሐል የሚሄድ ጠባብ መንገድ፤ ግራውም ቀኙም ግንብ። ተሳስተህ የምትወጣበት ሜዳ የለም። ወጣቶቹ ይጠሉታል። እኔ ወደድኩት። ዕድሜዬን በጀማ ቁልቁለት እህል ሳወርድ ኖሬአለሁ። እዚያ ግንብም አልነበረም።

ወንበሬ ላይ አጎዛ አነጠፍኩ። ሰብለ ሳቀች። ትሳቅ። ወገብ የእኔ ነው።

ኅዳር 5፣ ከጠ. 2 ሰዓት

ውርጭ። እጄ መሪ እስኪይዝ ድረስ እሳት ዳር ተቀመጥኩ።

ባለቤቴ ጥሩነሽ ዛሬም ጀመረችኝ። አንቱ ሰውዬ፣ ጡረታ የወጡት ከመሪ ለመገላገል አልነበረም ወይ አለች። አሁን ደግሞ ጭነት የሌለው፣ ተሳፋሪ የሌለው፣ የትም የማይደርስ መኪና! ገብሱን ከልጆቹ ጋር አጭጄ ከምሬአለሁ፤ የሚጠየቅብኝ ሥራ የለም።

በር ስደርስ ጠራችኝ። ስንተኛ ናችሁ? ሦስተኛ። ከኋላችሁስ? የአዳማ ልጆች። እንዳያልፏችሁ አለችና ወደ ማጀት ገባች።

ኅዳር 6

ሰብለ ዛሬ ያሰበችውን ነገረችኝ። አንደኛ ምድብ ከገባን ውድድሩን የሚመራው ሊግ ሱቋን የአካባቢው መለማመጃ አድርጎ ይቀበልላታል። የት/ቤት ልጆች ይመጣሉ፤ ታስተምራለች። ካልሆነ መሪዎቹን ሸጣ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ትሄዳለች። እዚህ የሚበላሽ ኮምፒውተር እንኳ ጥቂት ነው አለች።

ትሂድ። ወጣት ነች። ምን አገባኝ።

አገባኝ እንጂ።

ሌላም ነገር ጠየቀችኝ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ እንዳደርግ። ሁሉም ሹፌሮች እየነዱ ይነጋገሩበታል። እምቢ አልኩ። የሚነዳ ሰው ሞተሩን ነው የሚያዳምጠው። ዕድሜዬን ሙሉ ረዳቴን እንኳ ቁልቁለት ላይ ዝም በል እለው ነበር።

ኅዳር 7፣ እሑድ፣ ከም. 1 ሰዓት

ብዕሩን አጥብቄ እየተጫንኩ ነው የምጽፈው። ከንዴት ነው።

እስከ እኩሌታው ስድስተኛ ነበርኩ። ሰብለ አራተኛ። ጥሩ። ከፊቴ የአዋሳው ናትናኤል አለ፤ ፈጣን ነው፣ ፍሬን አያውቅም። የዓሣ ገበያው ኩርባ ላይ ግንቡን መታ። ተሽከረከረ። መንገዱ መሐል ተጋድሞ ቀረ።

ቆምኩ።

በእኛ መንገድ የተጋጨ መኪና ታልፎ አይኬድም። ትቆማለህ። ከኋላ ለሚመጣው ቅጠልና ድንጋይ አስፋልቱ ላይ ታስቀምጣለህ። ከዚያ ወርደህ ሰውየውን ታያለህ። እዚህ ቅጠል የለም፤ ድንጋይ የለም፤ መኪናዋ ፍሬቻ እንኳ የላትም። መኪናዬን ከኋላው አግድም አቆምኩለት። የፊት መብራቱን አበራሁ፣ አጠፋሁ፣ አበራሁ።

አንዱ መጥቶ ገጨኝ። ሌላው እሱን ገጨው። ጎዳናው ተዘጋ።

ሰብለ ከጎኔ እየነዳች አንገቷን ወደ ስክሪኔ አሰገገች። አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው? ሰው ተጋጭቷል አልኳት። የማን ሰው? ይኸው አልኩና በጣቴ አሳየኋት። እሷም በዚያው ግንብ ነካች።

የመጨረሻ ወጣሁ። የአዳማ ልጆች አለፉን። አራተኛ ነን።

ኅዳር 8፣ ከቀ. 6 ሰዓት

የሊጉ ዳኛ በሰብለ ስልክ ደወለ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ነው። ጨዋ ነው፤ አባቴ እያለ ነው የተናገረው። ጎዳና መሐል መቆም ጥፋት ነው አለ። ሁለተኛ ከቆምኩ ቡድናችን ከሊጉ ይወጣል። መመሪያው ይኸው ነው አባቴ አለ። የኔም መመሪያ ይኸው ነው ልጄ አልኩት።

ከዚያ፣ ማዳመጫውን አድርገው ቢሆን ኖሮ ልጁ ሲስቅ ይሰሙት ነበር አለ።

ስልኩን ለሰብለ መለስኩላት።

እሷ አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እዚያ መኪና ውስጥ እኮ ሰው የለም አባባ አለች። መሪውን የያዘ ሰው አለ አልኩ። ኩርሲው ላይ ነው ያለው አለች። በምን አውቃለሁ አልኩ። ስክሪኑን በጨርቅ ሸፍና ሱቁን ዘጋች።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ቤተ ክርስቲያን ስሜ ተመለስኩ። ከሰብለ ጋር አንድ ላይ ቆምን። ደጀ ሰላሙ ላይ ነጠላዋን አስተካከለችና እንደምን አደሩ ብቻ።

ስለ ቆምኩ አልጸጸትም። ይህን ጻፍ፣ ደብተር። አልጸጸትም።

ግን ያ ዳኛ ያለው ነገር አለ። ሲስቅ ይሰሙት ነበር። ጆሮዬን ዘግቼ ሰው ሞቷል ማለት ምን ይባላል?

ኅዳር 16፣ ከቀ. 9 ሰዓት

ናትናኤል ደወለ። የአዋሳው፣ ያ የተጋጨው። ቁጥሬን ከሰብለ ነው ያገኘው።

ፋዘር፣ ሰላም ነው? አለኝ። ፋዘር ማን ነው አልኩት። ደነገጠ። ከዚያ አባ ብሎ ጀመረ። ያን ዕለት ለምን እንደ ቆምኩ ጠየቀ። ነገርኩት፤ ስለ ቅጠሉ፣ ስለ ድንጋዩ፣ ወርዶ ስለ ማየቱ። የሚስቅብኝ መስሎኝ ነበር። አልሳቀም። እኔ ፍርፍር እየበላሁ ነበር እኮ አባ፣ በአንድ እጄ አለኝ። ለዚያ ነው የተጋጨሁት።

በአንድ እጅ! ተቆጣሁት። ምሳህን ጨርሰህ ተቀመጥ አልኩት። እሺ አለ። ከሊጉ ልጆች ግማሾቹ «ትራፊኩ» እያሉ እንደሚጠሩኝም ነገረኝ። ግማሾቹስ ስለው፣ እነሱም «ትራፊኩ» ነው የሚሉዎት አለ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብቻዬን ሳቅሁ። ጥሩነሽ በበሩ አየችኝ። ምነው ደህና ነዎት? አለች።

ደህና ነኝ።

ይህን ቃል ከጻፍኩ በኋላ ብዙ ጊዜ አየሁት።

ኅዳር 17፣ ከጠ. 3 ሰዓት

ሱቅ ሄድኩ። ማዳመጫውን ከመስቀያው አውርጄ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ጠባብ ነው። ሰብለ አየችኝ፤ መጥታ አላላችልኝ።

ቅድመ ሁኔታዬን ነገርኳት። ድምፅ ከሰማሁ አልፋለሁ። የተጋጨው ሰው ደህና ነኝ ካለ እሄዳለሁ። ካላለ ግን እቆማለሁ፤ ሊጉ ሰማይ ቢወጣ ምድር ቢወርድ።

እንዲህ አይነት ግትር ሰው አይቼ አላውቅም አለች። እናትሽን ጠይቂ አልኳት። ሳቀች። ስክሪኑን የሸፈነችበትን ጨርቅ አነሳችው።

ኅዳር 22

ሁለት ቀን መብራት የለም። ልምምድ የለም። ጎዳናውን በቃሌ ነዳሁት፤ አጎዛው ላይ ተቀምጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እግሬን እያንቀሳቀስኩ። ግራ። ቀኝ። ቀጥታ። ፍሬን። የዓሣ ገበያ። ጥሩነሽ ድንች እየላጠች ትመለከተኛለች። አሁን የት ደረሱ? ትላለች በየመሐሉ። ከድልድዩ ሥር እላታለሁ። ይጠንቀቁ ትላለች። ታላግጣለች። ግን መጠየቋን አላቆመችም።

ኅዳር 27፣ ማታ

ነገ። መብራቱ መጥቷል። ሰብለ ባትሪ ተውሳ አምጥታለች፤ ቢጠፋ ስክሪኑን ይይዛል። ሦስተኛ ለመሆን ከሁለታችን አንዳችን ከሁለቱም የአዳማ ልጆች ፊት መግባት አለበት። ቀላል ነው። ከባድ ነው። ልተኛ።

ኅዳር 28፣ እሑድ፣ ከም. 2 ሰዓት

በሥርዓት ልጻፈው።

ጥሩነሽ መጣች። ሳትጠራ። ነጠላዋን አጣፍታ ከበስተኋላችን በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

ተነሣን። ሰብለ ሦስተኛ፣ እኔ ሰባተኛ። ጆሮዬ ውስጥ የልጆች ጫጫታ። ናትናኤል፦ አባ፣ ዛሬ በሁለት እጄ ነኝ! ዝም ብለህ ንዳ አልኩት።

ግንቡ እንዳለ ነው፤ አይንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀሱት ወጣቶቹ ናቸው። አንዱ መታ። ደህና ነኝ አለ፤ አለፍኩ። ሌላው መታ። ተሳደበ። የሚሳደብ ሰው ደህና ነው፤ አለፍኩ። አምስተኛ ሆንኩ። ከፊቴ አንድ የአዳማ ልጅ፤ ከእሱ ፊት ሰብለ።

ከዚያ ሰብለ መታች።

ድልድዩ ሥር። ጎማው ተነቅሎ ሲሄድ አየሁት። መኪናዋ ግንቡ ላይ ተለጥፋ ጭስ። እግሬ ራሱ ከነዳጁ ተነሣ። ደብተር፣ እኔ አላነሣሁትም። ጥሩነሽ ከኋላ ልጄን! ብላ ጮኸች። እሷም እንደኔ ነች።

ሰብለ እጅጌዬን ያዘችኝ። አባባ፣ እዚህ ነኝ! ዞሬ አየኋት። እውነት እዚህ ነች። ከንፈሯን ነክሳለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ጣቷ ይጨብጠኛል። ደህና ነኝ፣ ይንዱ! አለች። ይንዱ፣ እርስዎ ብቻ ቀሩ!

ነዳሁ።

በመኪናዋ አጠገብ አልፌ ሄድኩ። በሕይወቴ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ግን እጇ እጅጌዬ ላይ ነበር።

የመጨረሻው ዙር። ሁለተኛው የአዳማ ልጅ ከኋላዬ ርቋል። አንደኛው ግን ከፊቴ ነው፤ ካልቀደምኩት አራተኛ ነን። መቅደሚያ የለም። ተጠጋሁት። አልቸኮልኩም። መስተዋቱን እያየ ነው፤ ታወቀኝ። ወደ ኋላ የሚያይ ሹፌር ወደ ፊት አያይም። የዓሣ ገበያው ኩርባ ላይ ፍሬኑ ዘገየበት። ግንብ።

ክፍተት አለ። አንድ መኪና ያሳልፋል። ግን ድምፅ የለም።

ፍሬን ያዝኩ። አንተ የአዳማው፣ ደህና ነህ? አልኩ። ዝም። ልጄ፣ ደህና ነህ? ዝም። ሰብለ እጅጌዬን ለቀቀችኝ። ይለፉ አላለችም። እሱን ነው የማልረሳላት። ይለፉ አላለችም።

መኪናዬ ልትቆም ምንም አልቀራት። ከኋላ የሚመጣው ሞተር ይሰማል።

ያኔ ናትናኤል ጮኸ፤ ከየት እንደ ሆነ እንጃ፤ እሱ ቀድሞ ጨርሷል። አንተ፣ መልስላቸው እንጂ! አባ እኮ ካልሰሙ አይሄዱም! ሌሎቹም ተከተሉ፤ መልስላቸው፣ መልስላቸው። ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ፣ ያፈረ፦ ደህና ነኝ። ተበሳጭቼ ነው ዝም ያልኩት። ይለፉ አባ።

እግዚአብሔር ይስጥህ አልኩት። አለፍኩ።

ሦስተኛ ገባሁ። ቡድናችንም ሦስተኛ። ጥሩነሽ ተነሥታ እልል አለች፤ መናኸሪያው ድረስ ተሰማ። የሚኒባስ ተራ አስከባሪው ሠርግ ነው ወይ ብሎ በሩን ከፈተ።

ሰብለ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ቆየች።

ታኅሣሥ 1፣ ከጠ. 4 ሰዓት

ዳኛው ደወለ። አልቀጣኝም፤ ቀስ አልክ እንጂ አልቆምክም አለ። አንተ እያለኝ መሆኑ ገብቶት ደነገጠና አስተካከለ። ስቄ ተውኩት።

ለአንደኛው ምድብ ስማችንን እንዳስመዘግብ ጠየቀኝ። አንድ ነገር ካልተጨመረ አልፈርምም አልኩት። የተጋጨ ሹፌር መኪናው እንደ ቆመ ደህና ነኝ ይበል። በቃ። ሌላ አልፈልግም። እኛ ኮሚቴ ነን፣ እንነጋገራለን አለ። ተነጋገሩ አልኩ፤ እጠብቃለሁ።

ከቀ. 9 ሰዓት

የእሺታ መልእክት ለሰብለ ስልክ ገባ። ፈረምኩ።

ሰብለ ከአናጺ ጋር ሦስተኛ ወንበር እያስለካች ነው። አጎዛ ይኑረው አልኩ። ሦስት ተማሪዎች በር ላይ ቆመዋል፤ ሁለቱ ሴቶች። አንዷ የቱ ነው ነዳጁ ስትል ሰማሁ።

ነዳጅ ኋላ ይደርሳል። ፍሬንም ኋላ። መጀመሪያ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርጌ፣ ግንብ አስመትቼ፣ ድምፃቸውን አውጥተው እንዲህ እንዲሉ ነው የማስተምራቸው፦ ደህና

እየጠሩኝ ነው።