የትርንጎ ሻንጣ

ሰኞ፣ ጥር 13። ዳንግላ።

የእኔ ሻንጣ መጥቷል። የትርንጎ ነው የቀረው።

ትናንት ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሰው ሁሉ ዕቃውን ለቅሞ እስኪወጣ ቆሜ ጠበቅሁ። የዕቃ ማመላለሻው ባዶውን ዞሮ ዞሮ ቆመ። ሠራተኛዋ «አይዞሽ፣ ከኋላ ይመጣል» ብላ ቅጽ አስሞላችኝ። ቀለም? ጥቁር። መጠን? መካከለኛ። ምልክት? እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። የባለቤት ስም? እዚህ ላይ እጄ ቆመ። የራሴን ስም ጻፍሁ። የሞተች ሰው ሻንጣ ነው ብዬ ልጽፍ ነው?

ስድስት ዓመት ሠርቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘሁት የአንድ ወር ፈቃድ ነው። እኅቴ ሙሉ ከሚኒባሱ ስወርድ አቀፈችኝ፣ አለቀሰች፣ መልሳ ሳቀች። እኔ ስለ ሻንጣው ብቻ አወራሁ። «እታለም፣ አንቺ በሰላም ግቢ እንጂ ልብስ ይተካል» አለች። የማን እንደሆነ ስነግራት የያዘችውን ዕቃዬን መሬት አኖረችው።

ትርንጎ የአዲስ ቅዳም ገጠር ልጅ ናት። ኩዌት እኔ አራተኛ ፎቅ፣ እሷ ስድስተኛ ፎቅ እንሠራ ነበር። ልብስ ልናሰጣ ጣሪያው ላይ ስንወጣ ተዋወቅን። ሁለታችንም የአዊ ሰው መሆናችንን ያወቅን ቀን የያዝነው ልብስ መሬት ወድቆ እንደገና አጠብነው። ባለፈው ሐምሌ ሞተች። እዚያው ቀበሯት። ሻንጣዋን የሕንፃው ዘበኛ ነው ደብቆ የሰጠኝ፤ እመቤቲቱ ከቆሻሻ ጋር ልታስወጣው ነበር።

የፊታችን እሑድ መንፈቋ ነው። እናቷ እማማ እንጉዳይ መርዶውን የሰሙ ዕለት ያለቀሱት የስምንተኛ ክፍል ጉርድ ፎቶዋን ይዘው ነው። በስልክ «የልጄን ልብስ አምጪልኝ፤ ለመንፈቋ እሱን ታቅፌ ላልቅስ» አሉኝ። እሺ ብያለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

ጠዋቱን ሁሉ ወደ አየር መንገዱ ደወልሁ። ኔትወርክ ይመጣል፣ ይሄዳል። አንዴ ተነሣ፣ ሙዚቃ አሰማኝ፣ ተቋረጠ። ከሰዓት አንድ ሰው አገኘሁ።

«ሻንጣዎ በፍለጋ ላይ ነው።»

የት ነው የሚፈለገው? «በፍለጋ ላይ ነው እመቤት።» በውስጡ ያለውን ጽፌ እንድልክ አዘዘኝ። የላክሁት ይህ ነው፦

ሁለት ቀሚስ፤ ሰማያዊና አበባ ያለበት።
አንድ ነጠላ፤ ተገዝቶ ያልተለበሰ።
ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ።
የማርያም ሥዕል።
የቤት ጫማ።
ግማሹ ያለቀ የፀጉር ቅባት።
የአሮጊት ሹራብ፤ ግራጫ፤ የሱቁ ወረቀት ያልተነሣለት።

ሹራቡን ለእናቷ ነው የገዛችው። «የእኛን አገር ውርጭ አታውቂውም እንዴ?» እያለች ትታቀፈው ነበር። ስልኩ ውስጥ ድምጿ አለ። ይህን ቅጹ አይጠይቅም።

ትናንት ያልጻፍሁትን አሁን ልጻፍ። የትርንጎን ሻንጣ ከእጄ እንደማልለይ ለራሴ ምዬ ነበር። ሚዛኑ ላይ የእኔ ሻንጣ ከበደ። «ወይ ቀንሺ፣ ወይ በእጅ የምትይዢውን ቀይሪ» አሉኝ። ሰው ከኋላዬ ይገፋል። ለእኅቴ ለሙሉ ፀጉር ቤት የገዛሁትን መተኮሻ፣ ሽቶውን፣ አዲሶቹን ጫማዎች አውጥቼ በእጄ ያዝሁ። የትርንጎን ለጭነት ሰጠሁ።

መተኮሻው በሰላም ገብቷል። ሙሉ ዛሬ ሁለት ሰው ተኩሳበታለች።

ረቡዕ፣ ጥር 15

የትርንጎ ወንድም ምናለ ሳላስበው መጣ። ከአዲስ ቅዳም ከሰል ጭኖ በመጣ አይሱዙ ነው የመጣው። ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ቆርጦ፣ ከሰል አክስሎ ነው የሚኖር፤ የእጁ መዳፍ መስመሮች ጠቁረዋል። ለመጨባበጥ ሲል እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

ቁጭ አለ፤ ስለ ሻንጣው አልጠየቀም። ስለ ጉዞዬ ጠየቀ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀ። ሊነሣ ሲል ብቻ፣ «እናቴ ሣጥኗን ባዶ አድርጋ ጠርጋዋለች፤ ልብሱን ልታስቀምጥበት» አለ።

ያኔ ልነግረው ይገባ ነበር። አፌ ግን ሌላ ተናገረ። «ባሕር ዳር ደርሷል። እሑድ ይዤው እመጣለሁ።»

«እግዜር ይስጥሽ እኅቴ» አለ።

ከሄደ በኋላ ሙሉ፣ «እውነት ደርሷል?» አለችኝ። ስልኬን አንሥቼ እንደገና ደወልሁ። ገባት።

ዓርብ፣ ጥር 17

ትናንት መስመሩ ጭራሽ አልሠራም። ዛሬም «በፍለጋ ላይ»።

ሐሳቡ የሙሉ ነው። አልወቅሳትም፤ ያዘነች ለእኔ ነው። «ስድስት ዓመት አላዩዋት። ልጅቱ ምን ለብሳ እንደኖረች በምን ያውቃሉ? አሮጊቷ አልቅሰው ይውጣላቸው። ይሄ ኃጢአት ነው?» አለችኝ። ኃጢአት ነው አላልሁም። ተነሥቼ ተከተልኋት።

ልባሽ ጨርቅ ከሚሸጥበት ገባን። ሰማያዊ ቀሚስ ፈለግሁ፤ አገኘሁ። አንድ ሻርፕ ጨመርሁ። ቀሚሱ ረዘም ይላል። ትርንጎ ትከሻዬን አታልፍም ነበር። «ማን ይለካዋል?» አለች ሙሉ።

ሁለት ጊዜ አጠብሁት። ሲደርቅ ከኩዌት ያመጣሁትን ቅባት አንገትጌው ላይ ትንሽ ቀባሁ። ከዚያ የመጣ እንዲመስል። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ሙሉ አይደለችም። ማንም አላዘዘኝም።

እሑድ፣ ጥር 19። ከአዲስ ቅዳም ወዲያ፣ እነ ትርንጎ ቤት።

የምጽፈው ምናለ ከለቀቀልኝ መደብ ላይ ተቀምጬ ነው። ሰዉ ገና አሁን ነው የተበተነው፤ ፀሐይ አልጠለቀችም።

ጠዋት ምናለ አዲስ ቅዳም ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። በዲከረንሱ መሀል አንድ ሰዓት ያህል ተጓዝን። ሣሩ ላይ ያለው ውርጭ ገና አልቀለጠም ነበር። የያዝሁትን ፌስታል አይቶ፣ «ሻንጣውስ?» አለ። «ተሰብሮ ጣልሁት» አልሁ። ውሸት አንዴ ከጀመሩት መንገዱን ራሱ ያውቃል።

ቄሶቹ ጸሎታቸውን አድርሰው ዳሱ ውስጥ ተቀምጠዋል። እማማ እንጉዳይን ሳያቸው ደነገጥሁ። አፍንጫው፣ አገጩ፣ ትርንጎ አርጅታ የተቀመጠች ነው የሚመስለው። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ፌስታሉን ሰጠኋቸው።

ቀሚሱን አወጡ። ጭናቸው ላይ ዘረጉት። እጅጌውን በመዳፋቸው ደባበሱ። ከዚያ ተነሥተው በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ያዙትና አለቀሱ። በአዊኛ ነው ያለቀሱት። አባቴም እናቴም አማርኛ ብቻ ነበር የሚያውቁት፤ እኔም አዊኛ አልሰማም። ከሚሉት ሁሉ «ትርንጎ» የሚለውን ብቻ ለየሁ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ምናለ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እኔም አለቀስሁ፤ ግን ምኑን እንዳለቀስሁ አላውቅም።

ልቅሶው ሲበርድ አንድ ነገር አየሁ። እማማ እንጉዳይ ቀሚሱን ሊያጥፉ ሲሉ ትከሻቸው ላይ አስደገፉት። ጫፉ እግራቸውን አልፎ መሬት ነካ። እሳቸው ደግሞ ረጅም ናቸው። ቀና ብለው አዩኝ። አጣጥፈው ሣጥኑ ላይ አስቀመጡት፤ ውስጡ አይደለም።

ልሄድ ስነሣ፣ «ዛሬ አትሄጂም» አሉኝ።

ሰኞ፣ ጥር 20። ዳንግላ።

ጠዋት እማማ እንጉዳይ ምናለን ወደ ከሰሉ ላኩት። ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀመጡኝ። ቀሚሱን አምጥተው ጉልበቴ ላይ አኖሩት።

«ይህ የልጄ አይደለም።»

«አይደለም እማማ።»

«ከየት ነው?»

«ከገበያ።»

«እና ትናንት ለማን ነው ያለቀስሁት?»

ከዚያ ሁሉንም አፈሰስሁት። ሚዛኑን፣ መተኮሻውን፣ ለምናለ የዋሸሁትን፣ የቀባሁትን ቅባት። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«እያወቁ ለምን ዝም አሉ?» አልኋቸው።

«ሰው ሞልቶ። ልጄ አብራሽ በልታለች፤ በመንፈቋ ላዋርድሽ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«አሟሟቷንስ? በስልክ ድንገት ነው፣ አልተሠቃየችም ብለሽኛል። እሱም ከገበያ ነው?»

ይህን በስድስት ወር ውስጥ ለሙሉ እንኳ አልተናገርሁትም። ነገርኋቸው። አሥራ አንድ ቀን ሆዷን እንደታመመች። እመቤቲቱ ሥራ ጠልታ ነው እንዳለች። በአራተኛው ቀን ጣሪያው ላይ ግድግዳ ተደግፋ እንዳገኘኋት፣ የራስ ምታት ክኒን እንደሰጠኋት። ለእኔዋ እመቤት ስነግራት «የሰው ቤት ነው፣ አያገባሽም» እንዳለችኝ። አምቡላንስ የሚጠራበትን ቁጥር እንደማውቀው። ስልኩ በእጄ እንደነበር። ብደውል እንደሚያባርሩኝ ፈርቼ እንዳልደወልሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን በአንሶላ ጠቅልለው ሲያወርዷት በበሩ ቀዳዳ እንዳየሁ።

እማማ እንጉዳይ በአዊኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ለእኔ አይመስለኝም። ዶሮ መጥታ እግራችን ሥር ጫረች፣ ሄደች።

በመጨረሻ፣ «ቀሚሱን ውሰጂልኝ። ከቤቴ አውጪው» አሉ።

ቁርስ አልቀረበልኝም። በእኛ አገር እንግዳ ሳይቀምስ አይወጣም። በሩ ድረስም አልሸኙኝም። ብቻዬን በዲከረንሱ መሀል ወረድሁ። ሁለት ጊዜ መንገድ ሳትሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 22

ከአየር መንገዱ ደወሉ። እነሱ ራሳቸው!

ሻንጣው አልተገኘም። ከኩዌት መነሣቱ ተመዝግቧል፤ አዲስ አበባ መድረሱ አልተመዘገበም። ካልተገኘ እንደጠፋ ይቆጠራል፣ ካሣውም በኪሎ ይታሰባል አለችኝ ልጅቱ። በኪሎ። ድምጿ ደግ ነበር። ልቆጣት ፈልጌ አልቻልሁም።

ቀሚሱን ሙሉ ለአንዲት ችግረኛ ሰጠቻት። ለማን እንደሆነ እንዳትነግረኝ ለመንኋት።

ኀሙስ፣ ጥር 23

ፈረሰኞች ለዓመታዊ በዓላቸው ወደ እንጅባራ ይተማሉ። ሙሉ ፀጉር ቤቷን ዘግታ ሄደች። «ነይ እንጂ፣ ፈቃድሽ እኮ ነው» አለችኝ። ተኝቼ ዋልሁ።

ዓርብ፣ ጥር 24

እማማ እንጉዳይ መጡ።

ከምናለ ጋር፣ በሚኒባስ። ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆመው «የሺ የምትባል እዚህ ናት?» ሲሉ ድምጻቸውን ሰማሁ። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ አሰብሁ፤ ይገባኛልም። ሙሉ ወንበር አቀረበች። ምናለ አንገቱን ደፍቷል፤ ሁሉን ነግረውታል ማለት ነው። ሰላም ሲለኝ እጄን ያዝ አድርጎ ለቀቀ፤ ፊቴን አላየም።

«ትመለሻለሽ?» አሉኝ እማማ እንጉዳይ።

«ወደ ኩዌት? አላውቅም። አሥራ ስምንት ቀን ቀርቶኛል።»

«ብትመለሺ መቃብሯን ታገኚልኛለሽ?»

ሙሉ ከኋላቸው ሆና በዓይኗ «እሺ በያቸው» ትለኛለች። እሺ ማለት እንዴት ቀላል ነበር! ሁለት ፊደል። ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

«የት እንደቀበሯት አላውቅም እማማ» አልሁ። «ዘበኛውን እጠይቃለሁ፤ ኤምባሲም እጠይቃለሁ። ግን ብቻዬን ከቤት አያስወጡኝም። ያለ ፈቃድ ብወጣ ፖሊስ ይይዘኛል። ላላገኘው እችላለሁ። ባገኘውም ስሟ ላይጻፍበት ይችላል።»

ሙሉ ፊቷን አዞረች። እማማ እንጉዳይ ግን ትክ ብለው አዩኝ፤ እንደዚያን ቀን ጠዋት አይደለም።

«እንዲህ ንገሪኝ» አሉ። «እያነሰም ቢሆን እውነቱን። ከዚያ አገር ሌላ የሚነግረኝ የለኝም።»

ሙሉ ዳቦና ሻይ አቀረበች። አይነኩትም ብዬ ነበር። ምናለ እናቱን አየ፤ እሳቸው ዳቦውን ባረኩ፣ ቆረሱ፣ ለእሱ ሰጡት፣ ሌላ ቆረሱና ለእኔ ዘረጉልኝ። ከዚያ ራሳቸው ቀመሱ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። እኔም አልጠየቅሁም።

ሚኒባሱ ድረስ ሸኘኋቸው። ሲሳፈሩ፣ «ስልክሽን አትዝጊው» ብቻ አሉኝ።

ማታ ሙሉ «እና ልትመለሺ ነው?» አለችኝ። ከዚህ በፊት ላለመመለስ አንድ መቶ ምክንያት ነበረኝ። ዛሬ ለመመለስ አንድ አለኝ፤ ያስፈራኛል። አላውቅም አልኋት። እውነቴን ነው። አላውቅም።