ስለ ተረገመው ቦይና ስለ ባለቤቱ

ለተከበሩ አቶ ያደታ፣ የሠፈራችን ልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
መቱ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እርግማን ደርሶብኛል ካሉ ወዲህ ሠፈሩ በሙሉ ስለ እርስዎ ሲጨነቅ ከርሟል፤ እኔ ግን ትናንት ገበያ ላይ ወፍረው ስላየሁዎ ተጽናንቻለሁ።

አንደኛ፦ ክረምቱ ሲገባ በራችን ላይ የተቆፈረው ቦይ ክዳን ሳይበጅለት ስለቀረ፣ ማን እንዳስቆፈረው ለማወቅ ከቢሮ ቢሮ ስንመላለስ ነበር። እርስዎም «እኔን አይመለከትም» ብለው በፈገግታ ሸኝተውናል፤ ስለ ፈገግታዎ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፦ ጎረቤቴ እትዬ ዘውደነሽ ከገበያ ሲመለሱ እዚያው ቦይ ውስጥ ወደቁ። እኔና ሌላዋ ጎረቤቴ ሙፊዳ ጎትተን ስናወጣቸው፣ ጭቃ እንደለበሱ፣ «የተረገመ ቦይ!» አሉ። እርስዎ በዚያ ሲያልፉ ሰምተው ኖሮ፣ እግራቸው ተሰብሮ እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ፣ ረግመውኛል ብለው ሽማግሌ ፊት አቆሟቸው። እትዬ ዘውደነሽ ከወሎ በሠፈራ መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ ያሳቃቸውን ሁሉ «አንተ እርጉም፣ ገደልከኝ!» የሚሉ ሴት ናቸው፤ በእርስዎ ሂሳብ ቢሆን ሠፈሩ እስካሁን አልቆ ነበር። ያን ቀን ግን «በስተርጅናዬ ረጋሚ ልባል?» ብለው ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

ሽማግሌው ጋሼ ጭምዴሳ በትዕግሥት አስረዱዎ። «በእኛ በኦሮምኛ አባርሳ፣ በአማርኛ እርግማን የሚባለው፣ የተበደለ ሰው የበዳዩን ስም ጠርቶ ለፈጣሪ ሲሰጠው ነው። ይኼ ያመመው ሰው ጩኸት ነው። ደግሞስ የተረገመው ቦዩ፤ አንተ ምን አገባህ?»

እርስዎም በቁጣ ብድግ ብለው፣ «እንዴት አያገባኝም? ቦዩን ያስቆፈርኩት እኔ አይደለሁም እንዴ!» አሉ።

ቀድመው የሳቁት እትዬ ዘውደነሽ ናቸው፤ እኛም ተከተልን። ጋሼ ጭምዴሳ ባለቤቱ ከተገኘማ ይክደነው ብለው ፈረዱ፤ ይኸው ተከደነ። እትዬ ዘውደነሽም እያነከሱ ይሻገሩበታል። ያ ሁሉ ቢሮ ያቃተውን በአንድ ቁጣ ስለገለጹልን ምስጋናችን ወሰን የለውም።

ፈጣሪ ቁጣዎን እንዲያበረታልን ዘወትር የምትለምን፣ አክባሪዎ
ሻሽቱ ኩማ

ማሳሰቢያ፦ ከመናኸሪያው ወደ ሠፈራችን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው መብራት ከጠፋ ቆይቷል፤ ኃላፊነቱም የማን እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም። ቅዳሜ ምሰሶው ሥር ተሰብስበን፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ልንረግመው ስላሰብን፣ በዚያ በኩል እንዲያልፉ በታላቅ አክብሮት ጋብዘንዎታል።