ከእጅጌ ስር

ጥር 9
ዛሬም ውኃ የለም። ከጎረቤት ሁለት ጄሪካን ቀዳሁ። ማስኬን አድርጌ። ባለሱቁ መሐሙድ "ጉንፋኑ አሁንም አለቀቀሽም?" አለኝ። ጄሪካኖቼን አንስቼ አለፍኩ። ጉንፋን ይምሰለው...
ባለፈው ክረምት ጋሞ አያቴ ጋ ሄጄ ነው የዚያ አገር ዝንብ ነክሶኝ ይሄ ቁንጭር የሚሉት ቁስል ጉንጬ ላይ የወጣብኝ። አሁን ከሳንቲም በልጧል። ከኳየር ከቀረሁ ቆየሁ። ማንም ለምን አላለኝም።

ጥር 14
ሆስፒታል። መርፌ። ቁስሉ ላይ ነው የሚወጉት። እንባዬ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።
እማዬ "ክትባት የለውም?" አለች። ዶክተሯ "የለውም። አንዴ የያዘውን ግን ሰውነቱ ስለሚያውቀው ብዙ ጊዜ አይደግመውም።"
ይህንኑ ለአክስቴ ለሸዋረገድ ነገርኳት። ከአገር ቤት መጥታ እኛ ጋ ናት። "እኛም ጋ በልጅነቱ የወጣበት አይደገምበትም" አለች። "ዋናው ፊት ላይ አለመውጣቱ ነው እንጂ..." ታናሽ እህቴን ዮዳሄን አየቻት። ለምን አየቻት?

ጥር 17
አክስቴ አደረገችው። በስፌት መርፌ ከጉንጬ ቁስል ነካ አድርጋ የዮዳሄን ክንድ ጫረች። ክትባት የሚወጉበት ቦታ ላይ።
"ክረምት ይዣት ስሄድ ፊቷ እንዳይበላሽ ነው። ይሄን እጅጌ ይሸፍነዋል። ያንቺ አንዴ ሆኗል።"
እማዬ "በኢየሱስ ስም" ብላ ጸለየችበት። አይሆንም ልል አፌን ከፈትኩ... ማስኬን መልሼ አደረግኩ።
ዮዳሄ "እኔም እንደሷ ማስክ ይገዛልኛል?" አለች። ሳቁ።

የካቲት 3
ሆስፒታል ወረፋ ላይ አጠገቤ አንድ ሰውዬ ተቀመጡ። ጋሽ መኩሪያ። ፊታቸው እስከ ጆሯቸው አባብጧል።
"ምን ያሸፋፍንሻል ልጄ? እኔ አጠገብ እኮ ቆንጆ ነሽ።"
ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅኩ። ኋላ ነርሷን ቀስ ብዬ ጠየቅኳት። የሳቸውም ቁንጭር ነው። ያው በሽታ! የአንዳንዱ ሰውነት ይዋጋዋል፣ የአንዳንዱ ዝም ይለዋል አለች። ዝም ሲለው ይሰራጫል። የማን የቱ እንደሆነ በምን ይታወቃል?
"ቀድሞ አይታወቅም።"
የዮዳሄስ?

የካቲት 4
ለእማዬ ነገርኳት። "ለማንም እንዳትተነፍሺ። ያስሩናል።" አክስቴ ወደ አገሯ ተመልሳለች።

መጋቢት 22
ዮዳሄን ሳጥባት ክንዷ ላይ አየሁት። ምስር የሚያክል፣ ቀይ። እማዬ "ትንኝ ነው" አለች።

ሚያዝያ 29
አራት ሆነዋል። አንዱ አንገቷ ጋ ደርሷል። እጅጌው አይሸፍነውም።

ግንቦት 11
እማዬ በመጨረሻ እሺ አለች። ሁለታችንንም ይዛን ሆስፒታል ሄደች።
ዶክተሯ "አገር ቤት ሄዳ ታውቃለች?"
"አዎ" አለች እማዬ። ዮዳሄ ከአዲስ አበባ ወጥታ አታውቅም።
"መቼ? መቼ እንደጀመራት ካላወቅኩ ሰውነቷ እየተዋጋ መሆኑን እንዴት ልለይ?"
"ለገና... መሰለኝ።"
ከጠረጴዛው ስር ቆነጠጠችኝ። ማስኬን አወረድኩ።
"አልሄደችም። ጥር ላይ ከኔ ጉንጭ በመርፌ ወስደው ክንዷን ጭረው ነው።"
እንዴት ጮኼ እንደተናገርኩ! በሩ ላይ የቆሙት ሁሉ ዞሩ። እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።
ዶክተሯ ጉንጬን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። "ያንቺ ድኗል" አለች። የዮዳሄን አንገት ግን ደጋግማ አየች።
ማስኩን ኪሴ ከተትኩት። ታክሲ ውስጥ ዮዳሄ ከኪሴ አውጥታ አደረገችው። ሰፍቷት እስከ ዓይኗ ደረሰ።
"አሁን አንቺን መሰልኩ?" አለችኝ።

አላወለቅኩላትም።