ቁጥሩ ወደ ውስጥ የዞረ ጎማ

ይድረስ ጅቡቲ ላለው ወንድሜ ለዘካሪያስ፣

ዘካዬ፣ እንደምን ነህልኝ? ያ የወደብ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ሳሉስ ለቀቀህ? ራትህን ደህና አድርገህ ትበላለህ ወይስ ዛሬም በዳቦና በሻይ ታልፈዋለህ? እኛ ጌታ ይመስገን ሁላችንም አለን። እማዬን ጉልበቷ አልፎ አልፎ ይይዛታል እንጂ አፏ ደህና ነው፤ ሰፈሩን በሙሉ ታዛለች። ልጄ አቢጋኤል የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ «አጎቴ ሳይበቅልልኝ እንዳይመጣ» እያለች ትጨነቃለች።

ይህን በሾፌሩ በዘመድኩን እጅ በወረቀት የላክሁልህ ያለ ነገር አይደለም። ስትደውል አባባ ስልኩን ከእጄ ይወስዱና ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ይለቁታል። መልእክት ብጽፍልህም አቢጋኤል ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች። የዛሬው ወሬዬ ደግሞ እሳቸው ጆሮ መድረስ የለበትም።

ዘመድኩን የላክሃቸውን አራት ጎማዎች ከጭነት መኪናው ያወረደ ቀን ብታይ! ጎረቤታችን ሻሺቱ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ፣ «ኧረ ምንድነው ይሄ ሁሉ ደስታ፣ የመጣው ጎማ ነው ወይስ ዘካሪያስ ራሱ?» አለች። አባባ በሳሙና አጥበው በጨርቅ አደረቋቸው። ካስገጠሟቸው በኋላማ ፒካፗን ግቢ ማስገባት ትተው መንገደኛ ሁሉ እንዲያያት በር ላይ ማቆም ጀመሩ። ሙዝ ሊጭኑ ወደ ላንቴ ሲወጡ፣ «ልጄ በላከልኝ እግር ነው የምሄደው» ይላሉ።

በጎማ ነገር ደግሞ አባባን ታውቃቸው የለ? ጎማው ሳይሞቅ በጠዋት ነፋሱን ሳያስለኩ ረጅም መንገድ አይጀምሩም። የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ያፈራርቃሉ። «ሰፊ ጎማ ለጉራ ነው፤ ነዳጅ ከመጠጣት በቀር ሥራ የለውም» ይላሉ። ፍሬን ሲጢጥ እያደረገ የሚቆም ጎረምሳ ካዩማ አለቀለት። «አስፋልት ላይ የላጥኸው ጎማ የት የሚሄድ መሰለህ? ዝናቡ ጠርጎ ኩልፎ ወንዝ ይከተዋል፣ ኩልፎ ለጫሞ ሐይቅ ያስረክበዋል፣ ዓሣው ይበላዋል፣ ዓሣውን አንተ ትበላለህ!» ይሉታል። ጎማ ስንገዛ ከጥርሱ በፊት ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች፣ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት እንድናነብ ያስተማሩንም እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ሐሙስ አንደኛው እየተነፈሰ አስቸገረና ባለቤቴ ክብሩ ጎሚስታው ዮናስ ጋ ወሰደው። ገበያ ልወርድ ስለነበር እኔም አብሬ ሄድኩ። ሲፈታ ወደ ውስጥ ዞሮ የነበረው ጎን ታየን። ዘካዬ፣ አትደንግጥብኝ፤ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ዕድሜው ግን የአቢጋኤል እጥፍ ነው። ከውጭ ቀለም ቀብተው አብለጭልጨው ሸጡልህ እንጂ ጎማውስ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። ክብሩ፣ «ቁጥሩን ወደ ውስጥ ያዞረው ማነው?» ቢለው ዮናስ ራሱን አከከና፣ «አባባ ናቸዋ! አራቱንም እንዲህ አድርገህ ግጠምልኝ፣ ለማንም አትንገር ብለው አስምለውኛል» አለ።

አየህ ወንድሜ? ገና የመጡ ዕለት አይተውታል። አይተውም የደበቁት አንተ እንዳታፍር ነው። ለእማዬ ብነግራት፣ «ጠርጥሬ ነበር፤ ልጁ ላቡን ያፈሰሰበትን ነገር ማን ደፍሮ አይሆንም ይላል?» ብላ ዓይኗን ጠረገች።

እኔ ግን ፈራሁ። ለመስቀል ሁላችንንም ጭነው ገረሴ ሊያወጡን ነው። ዳገቱን ታውቀዋለህ፣ ቁልቁለቱንም፣ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ። ክብሩ ዙሪያ ጥምጥም እየሄደ ሊያነሳባቸው ቢሞክር አባባ፣ «የልጄን ጎማ የሚያወልቅ እኔን ያውልቅ!» ብለው ራታቸውን ትተው ተነሡ።

ስለዚህ አንተ ካልሆንክ የሚሰሙት የለም። ያየነውን አታንሳባቸው። ዝም ብለህ ደውልና ድምፁ ለቤቱ ሁሉ እንደተለቀቀ፣ «አባባ፣ ጎማ የላክሁት ወጥተው በሰላም እንዲገቡልኝ ነው፤ አርጅቶ እንደሆነ ለእኔ ሲሉ ያውልቁት» በላቸው። እኔና ክብሩ የገዛናቸው አዲስ ጎማዎች በመኪናዋ ልክ፣ ለአስፋልትም ለጭቃም የሚሆኑ፣ የዘንድሮ ሥሪት ሆነው ዮናስ ጋ ተቀምጠዋል።

የላክኸው መና ይቀራል ብለህ ደግሞ አትዘን። ወጣቶቹ ለመስቀል እሳት ጎማ ሊለምኑ ቢመጡ እንኳ አባባ፣ «ጭሱን ማን ሊተነፍሰው?» ብለው እንደሚመልሷቸው ታውቃለህ። ሦስቱን ኦቾሎ ያለችው አክስታችን የእርከኗን አፈር ትደግፍባቸዋለች። አንዱን ማንጎው ላይ ለአቢጋኤል ዥዋዥዌ እንሰቅለዋለን፤ ውኃ አቁሮ ትንኝ እንዳያፈላብን ዮናስ ከሥሩ ይበሳልናል። አባባም ሥሩ ተቀምጠው ለአላፊ አግዳሚው «ልጄ የላከልኝ ነው» ይሉበታል። ያኔ ቁጥሩ ወዴትም ቢዞር ማንንም አይገድልም።

አብሮህ ለሚኖረው ለወንደሰን ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ራትህን እንዲቆጣጠርልኝ አደራ ብዬዋለሁ። እማዬ ግንባርህን ትስምሃለች። ክብሩ «አይዞህ፣ ማንም ይሸወዳል» ይልሃል። አቢጋኤል ጥርስ በሌለው አፏ ሳቅ ልካልሃለች። ሻሺቱም በአጥሩ በኩል ሰላም ብላሃለች። የአባባን ሰላምታ ግን እዚህ አልጻፍኩልህም፤ መጻፌን አያውቁም። እሱን ስትደውል ከራሳቸው አፍ ተቀበል።

እህትህ ጽጌሬዳ
አርባ ምንጭ፣ ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.