እንደ በቅሎ የምትነሳው ግመል

ጥቅምት 3 ቀን 2007

ሻይ ቤቱን በጠዋት ከፈትኩ። ንፋስ፣ አቧራ... የጅግጅጋ ነገር። ደሃቦ የግመል ወተቷን ይዛ እንደ ሁልጊዜው ከግድግዳዬ ሥር ተቀመጠች። አንድ መንገደኛ ግድግዳው ላይ የተሣለችውን ግመል አይቶ ሳቀ። አንድ ሰው ሳይስቅባት የዋለችበት ቀን አለ?

ባለቤቴ ደበሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በ1987 ከደብረ ብርሃን እንደመጣን ነው የሣላት። ግመል ከተኛችበት ስትነሳ የኋላ እግሯን ታስቀድማለች። የሱ ግን በፊት እግሯ ነው የምትነሳው፣ እንደ በቅሎ። ሲያድግ ያየው በቅሎ ነዋ! የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ «የተሳሳተችው ግመል ጋ» እያሉ ሰው ያወርዳሉ። ስንቴ አርማት አልኩት። «ነገ» ይለኛል። ነገ፣ ነገ እንዳለ አረፈ።

ጥቅምት 8

ከማዘጋጃ ቤት ወረቀት መጣ። የዋናው መንገድ ግድግዳ በሙሉ ክሬም ቀለም ይቀባ። ሥዕሉ እንዲቆይለት የሚፈልግ ያመልክት።

የፀጉር ቤቱ መቀስ፣ የሥጋ ቤቱ ፍየል፣ ሁሉም ሊጠፋ ነው። ያኔ ማን ጽሑፍ ያነብ ነበር? ሰው ሥዕል አይቶ ነበር የሚገባው። ግማሹ የደበሌ የእጅ ሥራ ነው።

ሃያ ዓመት ያፈርኩባት ግመል... ዛሬ ሳሳሁላት።

ጥቅምት 11

አመለከትኩ። ኃላፊው ጁነይድ በተማሪነቱ እኔ ጋ ሻይ ይጠጣ ነበር።

«እትዬ ሉል፣ የግድግዳ ሥዕል በሌላው ዓለምም እኮ ደንብ አለው። አንዱ ከተማ ሥዕሉን እንደ ቅርስ መዝግቦ ይጠብቃል፣ ሌላው በማግስቱ ያጠፋዋል።»

«የኛስ የትኛው ነው?»

«ኮሚቴው ይወስናላ።»

ጥቅምት 19

ተፈቀደ። ግን ትታረም፣ አለዚያ ትቀባ ተባለ። «የግመል አገር ሆነን እንግዳ ይሳቅብን?» አለ ጁነይድ፣ እሱም አፍሮ። ሠዓሊ ይልኩልኛል።

አርማት እያልኩ ስለምነው የኖርኩት ነገር። ታዲያ ምን አስለቀሰኝ?

ጥቅምት 20

ለደሃቦ ነገርኳት። ጀሪካኗን ከድና ወደኔ ዞረች።

«አባዮ፣ እህቴ፣ እኔ እኮ ያኔውኑ ነግሬዋለሁ። ቀለሙ ሳይደርቅ፣ አነሳሷን በእጄ እያሳየሁ። ሊያርም ብሩሹን አነሳ። ዞር ሲል ሰው ተሰብስቦ ይስቃል። አንቺ በር ላይ ቆመሻል፣ ቋንቋ የለሽ፣ ሰው የለሽ። እኔ እየሳቅሁ ገብቼ ሻይ ስጪኝ አልኩሽ። እሱ ብሩሹን አስቀመጠ። ‹ተዪው፣ ሉል ሰው ታግኝ› አለኝ።»

ለካ «ነገ» የሚለኝ... ምናለ ብትነግረኝ ኖሮ፣ ደበሌ?

ጥቅምት 24

ሠዓሊውን አመስግኜ መለስኩት። የታረመችው የደበሌ አይደለችም። ክሬሙን ገዝቼ በራሱ በደበሌ ብሩሽ ቀባኋት። ዓይኗ ጋ ስደርስ ብሩሹን አስቀመጥኩ። ደሃቦ ጨረሰችልኝ።

ጥር 5

መንገዱ አንድ ዓይነት ሆኗል። ለዓይን ንጹሕ ነው፣ አልዋሽም።

ዛሬ አንዲት ነርስ ገባች። ከአዲስ አበባ ተመድባ ከመጣች ሦስት ቀኗ። «ባጃጁ የተሳሳተችው ግመል ጋ ብሎ አወረደኝ። የታለች?»

ደሃቦ ጀሪካኗን ገፋ አድርጋ ባዶው ግድግዳ ፊት በእጅና በጉልበቷ ተንበረከከች፣ በዚያ ዕድሜዋ። ከዚያ እንደ ፊት እግር እጆቿን አስቀድማ፣ ልክ እንደ በቅሎ፣ እያቃሰተች ተነሳች። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ እንባዋን እየጠረገች አግዳሚው ላይ ከሰው መሃል ተቀመጠች።

እኔም ሳቅሁ... ከሃያ ዓመት በኋላ ገና ዛሬ።

ሻዩን ቀዳሁላት። «ነገም ነይ» አልኳት።